ገና ነው ባዩ አጎቴ

አጎቴ ላውንደሪ ነበረው። እንደ እሱ እድፍ የሚጠላ፣ እንደ እሱም እድፍ ሲያገኝ ደስ የሚለው ሰው አይቼ አላውቅም። ሌላው ሰው ጠዋት ከቤቱ ሲወጣ ሰማዩን ያያል፤ እሱ የሰው ኮሌታ ያያል። ሰላም ሊለው እጁን የዘረጋለትን ሰው መጀመሪያ እጅጌውን ገልመጥ ያደርጋል፤ «እንዴት አደርክ» የሚለው ከዚያ በኋላ ነው።

እኔ የእህቱ ልጅ ነኝ። እናቴ ስትሞት ወደ እሱ ቤት ገባሁ፤ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የመተኮሻው ጠረጴዛ የእኔ ነው። ሁላችንም «ጋሼ» ነው የምንለው። በፊቱ «እርስዎ» እለው ነበር፤ እዚህ ግን እሱ ነው፣ ይበቃዋል። ሚስቱ ቀድማው ሞታለች፣ ልጅም አልወለደም። ክፉ ምላሴን ከጠየቃችሁ ልጅ ያልወለደው ሕፃን ልብስ ስለሚያቆሽሽ ነው።

ላውንደሪው የማይሻር አንድ ሕግ ነበረው። ታጥቦ የወጣ ልብስ ሁሉ ካውያ ከመንካቱ በፊት በመስኮቱ በኩል ያልፋል። ጋሼ መስኮቱ ስር ይቆምና ልብሱን በሁለት እጁ ወጥሮ ወደ ብርሃኑ ያነሳዋል፤ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ያየዋል። ሥራው እንደዚያ ይጠይቃል፤ እድፍ ያለበት ልብስ ከተተኮሰ እድፉ በሙቀቱ ይጠበስና እስከ ወዲያኛው አይለቅም። ስለዚህ ጋሼ «በቃ» ካላለ ካውያ አይነሳም። «በቃ» የሚለው ቃል ግን ከአፉ የሚወጣው ጥርሱን እንደሚነቅሉት እየተጨነቀ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚለው «ገና ነው» ነበር። ገና ነው ይልና ወደ ሳፋው ይመልሰዋል። አጣቢዎቹ እጃቸው በበረኪና ተላልጦ፣ እድፉ የት እንዳለ እንኳ ሳይታያቸው፣ ያንኑ ልብስ እንደገና ያሹታል። አንዳንዱ ልብስ እድፉ ሳይሆን ጨርቁ ያልቅ ነበር። ጋሼ ደንበኛውን «ጨርቁ ደካማ ነው» ይለዋል፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ጥንቁቅ ነጋዴ ነው ብዬ እተወው ነበር። ግን ጋሼ የጉባኤያችን ሽማግሌም ነበር። ለመጠመቅ የሚጠባበቁትን አዲስ አማኞች የሚያስተምረው እሱ ነው። ሲያስተምር ብትሰሙት ደግሞ ድምፁ ማር ነው። መዳን ስጦታ ነው፤ ሰው በሥራው አይድንም፤ ክርስቶስ ሠርቶ ጨርሶታል፤ የእኛ ድርሻ አምኖ መቀበል ብቻ ነው። ይህን ሲል ሴቶቹ ያለቅሳሉ፣ ወንዶቹ አንገታቸውን ይደፋሉ። በማግስቱ ካለቀሱት አንዷ፣ ዳቦ ጋጋሪዋ፣ ላውንደሪው በር ላይ ስታልፍ ጠርቶ፣ ከአማቷ ጋር ታረቀች እንደሆነ፣ ካልታረቀች ለምን እንዳልታረቀች፣ ከታረቀች ደግሞ ከልቧ እንደሆነ ይጠይቃታል። ስጦታውን መስኮቱ ስር ወጥሮ ሳያየው ለማንም አሳልፎ አይሰጥም።

ጉባኤው የመጠመቂያ ነጭ ቀሚሶች ነበሩት፤ ረጃጅም፣ እጅጌያቸው ሰፊ፣ ለወፍራምም ለቀጭንም የሚሆኑ። የሚያጥባቸው ጋሼ ነው። አዲስ አማኝ ትምህርት የጀመረ ዕለት አንድ ቀሚስ ይመደብለትና ስሙ በቁራጭ ጨርቅ ተጽፎ በመርፌ ቁልፍ ይያያዝበታል። ቀሚሱ ታጥቦ ከውሃ ማሞቂያው በርሜል ጀርባ ይሰቀላል። ጋሼ ሰውየው ለመጠመቅ ደርሷል ብሎ ሲያምን «በቃ፣ ተኩሺው» ይለኛል። ካላመነ ቀሚሱ እዚያው እንደተሰቀለ ይከርማል። መጋቢው ደግ ሰው ነበር፤ ግን እሺ ባይ ነው። ጋሼ የጉባኤውን መጋረጃ በነጻ ስለሚያጥብ መጋቢው በጋሼ ፊት አፉን አይከፍትም። ስለዚህ በእኛ ሰፈር የእግዚአብሔር ጸጋ ወደ ሰዎች የሚደርሰው በእኔ ካውያ በኩል ነበር፤ ስቄ ልሞት! በጉባኤው ውስጥ ጋሼን በሌለበት «ገና ነው» እያሉ ይጠሩት ነበር። እኔም እጠራው ነበር።

አሁን ስለ ቃጠሎ ልንገራችሁ። ቃጠሎ የጋሼ ታናሽ ወንድም ነው፤ ለእኔም አጎቴ። ከእኔ በፊት የመተኮሻው ጠረጴዛ የእሱ ነበር። አንድ ቀን ሞቅ ብሎት መጥቶ የሙሽራ ቀሚስ ላይ ካውያውን እንዳስቀመጠ እንቅልፍ ወሰደው። የካውያው ቅርጽ የቀሚሱ ደረት ላይ ተቃጥሎ ቀረ። ሙሽሪት በር ላይ ቆማ ስትጮህ ጋሼ ወንድሙን በኮሌታው ይዞ አስወጣው፤ ከዚያ ጀምሮ ስሙ ቃጠሎ ሆነ። ለብዙ ዓመት የት እንዳለ ሳናውቅ ከረመ። ጋሼ ስለ እሱ የሚያነሳ ሰው ሲገጥመው ፊቱን ይቋጥር ነበር።

ከዕለታት አንድ ቀን ቃጠሎ በላውንደሪው በር ገባ። ከስቷል፣ ፀጉሩ ሸብቷል፣ ሸሚዙ ላይ የጭነት አቧራ አለ። በእህል ገበያ ተሸካሚ ሆኖ ይሠራ ነበር።

«ጋሼ፣ ጌታን ተቀብያለሁ» አለው። «መጠመቅ እፈልጋለሁ፣ እዚህ፣ እናንተ ጋ።»

ጋሼ እጁን በፎጣ ጠረገ። ማንም ያልነካውን እጁን።

«መቼ ነው የዳንከው?»

«ማክሰኞ።»

«ማክሰኞ?» ጋሼ ወደ እኔ ዞረ፤ ማክሰኞን እኔ የፈጠርኳት ይመስል።

«ማክሰኞ፣ በምሳ ሰዓት። ጭነት አራግፈን ጆንያ ላይ ቁጭ ብለን ነበር። አንዱ ጓደኛዬ ከጌታ ጎን ስለተሰቀለው ወንበዴ ነገረኝ። ያ ሰውዬ ምን ሠርቶ ነው ገነት የገባው ብዬ ጠየቅሁት። ምንም አልሠራም፣ አስበኝ ብቻ ነው ያለው አለኝ። እኔም እዚያው ጆንያው ላይ አስበኝ አልኩ።»

«እና?»

«እና በቃ።»

በዚያ ቤት «በቃ» የሚል ከጋሼ ሌላ ማንም አልነበረም። ካውያውን ጠረጴዛው ላይ ልተወው ስል ያ የሙሽራ ቀሚስ ትዝ አለኝና አነሳሁት።

«ያ ወንበዴ» አለ ጋሼ ቀስ ብሎ፣ ክፍል ውስጥ በሚያስተምርበት ድምፅ፣ «እጁ ተቸንክሮ ነበር። መልካም ሥራ ለመሥራት እጅም ጊዜም አልነበረውም። አንተ ግን እጅም ጊዜም አለህ። ፍሬህን እናያለን።»

ቃጠሎ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ። ደስ ያለው ይመስል ነበር፣ ሞኝ! አልተባረረማ። ጋሼ አንድ ቀሚስ አውርዶ የወንድሙን ስም ጽፎ አያያዘበትና ከበርሜሉ ጀርባ፣ መጨረሻው መስቀያ ላይ ሰቀለው። እዚያ ጥግ እንፋሎቱ ስለሚያንጠባጥብ ልብስ አንሰቅልም ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው አሰልቺ ነው፣ እኔም አሳጥረዋለሁ። ዳቦ ጋጋሪዋ ተጠመቀች። አንድ የታክሲ ሹፌር ተጠመቀ። ከቃጠሎ በኋላ መጥተው፣ ትምህርት ጨርሰው፣ ተጠምቀው፣ ከዚያም ኩፍ ብለው ከሽማግሌዎቹ ጋር የተቀመጡ አሉ። የእያንዳንዳቸውን ቀሚስ የተኮስኩት እኔ ነኝ። ቃጠሎ ሁልጊዜ የኋላው ወንበር ላይ ተቀምጦ ሌላው ሲጠመቅ ከሁሉም በላይ የሚያጨበጭበው እሱ ነው። መጠጥ ትቷል። አንድ ጊዜ ብቻ አንድ ተሸካሚ ጓደኛው ጭነት ተንዶበት የሞተ ዕለት ጠጣ። ማንም አላየውም ነበር፤ በማግስቱ ራሱ መጥቶ ለጋሼ ነገረው። ጋሼ ያን ቀን የበላው ምግብ ሁሉ ጣፍጦታል ብዬ እምላለሁ።

«አላልኩም?» ይለኛል፣ እየደጋገመ። «አላልኩሽም? ይኸው እድፉ!»

እኔ ደሜ ፈላ፤ ግን በጋሼ አልነበረም፣ በቃጠሎ ነው። በር ድረስ ተከትዬው፣ «አጎቴ፣ ጉባኤ እንደሆነ በየመንገዱ ሞልቷል» አልኩት። «ሌላ ጋ ሄደህ በሳምንቱ ትጠመቃለህ። ምን ፈልገህ ነው እዚህ የምትለማመጠው?»

«ሌላ ጋ እኮ ወንድሜ የለም» አለኝ።

ወደ ካውያዬ ተመለስኩ።

ጋሼን በሽታው መስኮቱ ስር ነው ያገኘው። የሆቴል የጠረጴዛ ልብስ ወጥሮ ወደ ብርሃን እንዳነሳ ቀኝ እጁ ወረደ፤ ከዚያ ጉልበቱ ከዳው፤ የጠረጴዛው ልብስ ላዩ ላይ ወደቀ። ስትሮክ ነው አሉ። ነፍሱ ተረፈች። ቀኝ ጎኑ ግን ሙሉ በሙሉ ሽባ ሆነ፤ ንግግሩም ጠፋ። ሁሉም ቃል ከጭንቅላቱ ተጠራርጎ ሄዶ አንድ ነገር ብቻ ቀረለት። ምን እንደሆነ መገመት አያቅታችሁም።

«ጋሼ፣ ውሃ ይጠጣሉ?»

«ገና ነው።»

«ያምዎታል?»

«ገና ነው።»

ሐኪሙ ይህ በሽታ እንደዚህ ነው፣ ሰው አፉን የፈታበት ወይም ዕድሜ ልኩን የደጋገመው ቃል ይቀርለታል፤ ሌላ ሊል አስቦ ያው ይወጣዋል አለኝ። አልስቅም ብዬ ከንፈሬን ነከስኩ። ወደ ቤት ስንመለስ ግን ከላውንደሪው ጀርባ ባለው ጓሮ ቆሜ እንባዬ እስኪፈስ ሳቅሁ። ከዚያ እንባው ሳቁን ተከትሎ አላቆም አለኝ።

ሽማግሌዎቹ ሊጠይቁት መጡ። ከአልጋው ዙሪያ ቆመው ረጅም ጸሎት ጸለዩ። «አሜን» ሲሉ ጋሼ «ገና ነው!» አለ፣ በጉልበት። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አንዱ ዓይኑን ጨፍኖ፣ «ጌታ ገና በአገልግሎቱ ይጠቀምበታል ማለቱ ነው» ብሎ ተረጎመው። ሁሉም «እውነት ነው፣ እውነት ነው» አሉ። ሰውየው የፈለገው ትራሱ እንዲስተካከልለት ነበር።

ቀልዱ ያለቀው ሽታው ሲጀምር ነው። ጋሼ ሰውነቱን አላስነካ አለ። ላጥበው ስል በደህናው ግራ እጁ ሳፋውን ይገፋዋል፤ ውሃው ምንጣፉ ላይ ይፈስሳል። አጣቢዎቹ ሞከሩ፣ ቧጠጣቸው። የሚያስታምም ሰው ቀጠርኩ፣ በሁለተኛው ቀን ጥሎ ሄደ። አውቀዋለሁ እኮ፤ ሚስቱ በሕይወት ሳለች እንኳ የውስጥ ልብሱን ራሱ ነበር የሚያጥበው፣ በሩን ዘግቶ። ሰው የሱን እድፍ ከሚያይ ሞት ይሻለዋል። ሞቱም እየመጣለት ነበር። ልታየው የምትመጣው ነርስ ጀርባውን በግድ ገልጣ አይታ ወደ በረንዳው ጠራችኝ።

«መቀመጫው ላይ ቆስሏል። በየቀኑ ካልታጠበና ካልተገላበጠ ቁስሉ ወደ ደሙ ይገባል» አለችኝ። «ያኔ እኔ የማደርግለት ነገር የለም።»

ለሽማግሌዎቹ ነገርኳቸው። መጥተው በሩ ላይ ቆሙ፤ ሽታው ከዚያ አላሳለፋቸውም። ቆመው ስለ መንጻት ጸለዩ፣ ከዚያ አንዱ ሽቶ ሰጠኝ። ሽቶ! ዕድሜ ልኩን የእነሱን ኮሌታ ነጭ ሲያደርግ ለኖረ ሰው! «ጠዋት እንመጣለን» ብለው ሄዱ፤ ጠዋቱ ግን ይኸው እስከ ዛሬ አልነጋላቸውም።

የመጣው ቃጠሎ ነው። ማን እንደነገረው አላውቅም። እጅጌውን ሰብስቦ ገባ፣ ሳፋውን ከእጄ ተቀበለኝ፣ አልጋው አጠገብ ተንበረከከ። ጋሼ ሲያየው ፊቱ ደም ለበሰ።

«ገና ነው!» ብሎ ጮኸ። ግራ እጁ ያገኘውን ኩባያ አንስቶ ወረወረበት። ግንባሩን አገኘው።

«እሺ» አለ ቃጠሎ ደሙን እየጠረገ። «እሺ ጋሼ። ነገ እመጣለሁ።»

በማግስቱ መጣ፤ ጋሼ ምራቁን ተፋበት። በሚቀጥለውም ቀን መጣ። እኔ ጥግ ቆሜ፣ ይሄ ሰው ምን ዓይነት ድርቅና ነው ያለው እላለሁ፤ የትኛውን ወንድም እንደምናደድበት ግራ ገብቶኝ። ያን ቀን ነርሷ ከመሄዷ በፊት ዓይኔን እያየች ራሷን ነቅንቃለች። ጋሼ ትኩሳት ጀምሮታል።

«ጋሼ» አለው ቃጠሎ፣ «ዛሬ ብትመታኝም አጥብሃለሁ።»

መታውም። የመጀመሪያውን ፎጣ ሲያስነካው በጥፊ መታው። ቃጠሎ አንገቱን አጠበው። እንደገና መታው፤ ብብቱን አጠበው። እኔ ከወጥ ቤት ሙቅ ውሃ አቀብላለሁ፣ ቆሻሻውን እደፋለሁ፣ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆነ። የጋሼ ምት እየደከመ መጣ፤ በመጨረሻ እጁ የወንድሙ ትከሻ ላይ እንደወደቀ ቀረ። ቃጠሎ ወደ ግድግዳው አገላበጠውና ያን ቁስል፣ ያን ሁሉ ለሰው የማይነገር ነገር፣ ቀስ እያለ አጸዳው። አፍንጫውን አልያዘም። እኔ ይዤ ነበር። ጋሼ ፊቱን ግድግዳው ላይ ለጥፎ አለቀሰ፤ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ከኋላ ይታየኛል። የሰውን ሁሉ እድፍ በብርሃን ሲያይ ኖሮ ይኸው የራሱ በጠራራ ፀሐይ ተገለጠ ብዬ አንጀቴ ቅቤ ይጠጣል ብዬ ነበር። አልጠጣም። አሳዘነኝ፣ ማዘኔም አናደደኝ።

«የሚለብሰው ነገር አምጪ» አለኝ ቃጠሎ። «ሰፊ ይሁን። ያ እጁ አይታጠፍም።»

የጋሼ ሸሚዞች ሁሉም ጠባብ ናቸው፣ ሌሊት የሚለብሰውም ተበላሽቶ ሳፋ ውስጥ ነው። ዝናቡ ሰንብቶ ላውንደሪው ውስጥ ያለው ልብስ በሙሉ እርጥብ ነበር፤ የደረቀውም የደንበኛ ነው። ወዲያ ወዲህ ብዬ ወደ በርሜሉ ጀርባ ተመለከትኩ። መጨረሻው መስቀያ ላይ ያ ነጭ ቀሚስ አለ። በርሜሉ ከጋሼ መታመም ጀምሮ ስላልጋለ እንፋሎት አልነካውም፤ ደርቋል፣ ንጹሕ ነው፣ የቃጠሎ ስም ደረቱ ላይ እንደተያያዘ ነው። ተጨማድዷል፣ ካውያ አይቶ አያውቅማ። እንደ ሰው ሌላ ሰበብ አልደረድርም፤ ሌላ ልብስ አለመኖሩም እውነት ነው፣ ግን ያን ቀሚስ ሳነሳው ጋሼ ሲያየው ፊቱ ምን እንደሚሆን ለማየት ቸኩዬ ነበር።

አየው። ወዲያው ነው ያወቀው፤ የራሱን እጅ ጽሑፍ እንዴት አያውቅም? ቃጠሎም ስሙን አየ። ቁራጯን ጨርቅ በአውራ ጣቱ ዳበሳት። ስንት ዓመት የጠበቀው ልብስ ነው! ይህን ለብሶ ከውሃ ሲወጣ ወንድሙ ከፊት ወንበር ተነስቶ ሲያጨበጭብለት ማየት ነበር ምኞቱ ሁሉ። ከልክዬ ልቀበለው እጄን ዘረጋሁ። እሱ ግን የቀሚሱን አንገት ከፈተ፣ ሽባውን ቀኝ እጅ ቀስ አድርጎ በእጅጌው አሳለፈው፣ ከዚያ በወንድሙ ራስ ላይ አወረደው።

ጋሼ በግራ እጁ የወንድሙን ክንድ ያዘ። እንዳያለብሰው ነው የያዘው።

«ገና ነው» አለ።

እንደ ድሮው አልጮኸም። የወንድሙን ክንድ ለቀቀና ጣቱን የገዛ ደረቱ ላይ አሳረፈ፤ የቃጠሎ ስም የተያያዘበት ቦታ አጠገብ። ዓይኑ እንባ ሞልቶ ወደ ቃጠሎ ያያል። በሽታው ያስቀረለት ቃል ይሁን፣ የጠፉት ቃላት ሁሉ ተመልሰውለት እንኳ ሊመርጠው የሚችለው እሱን ይሁን አላውቅም። ለመጀመሪያ ጊዜ ግን ስለ ራሱ ነበር የሚናገረው።

«ገና ነው» አለ እንደገና፣ ደረቱን እየመታ። «ገና ነው። ገና ነው።»

«አውቃለሁ፣ ጋሼ» አለው ቃጠሎ። «ገና ነህ። እጅህን አንሳ።»

እኔ ጥጌ ላይ ቆሜ ነበር፤ ሰውነቴ ሁሉ ዓይን ሆኖ። ጋሼ ወንድሙን እያየ ብዙ ቆየ። ከዚያ ግራ እጁን አነሳ፣ ቃጠሎም ቀሚሱን እስከ ታች አወረደለት።

«በቃ» ያለ የለም፤ ቀሚሱን ካውያም አልነካውም ነበር።